ደሙ የማን ነው? በምሥራቅ ጎጃም በሥራ ላይ የተገደለ የአንድ ፖሊስ ጉዳይ

ፖሊስ ሥራ ላይ ሳለ ሲገደል ነገሩ ግልጽ ይመስላል። ገዳይ ይያዛል፣ ይከሰሳል፣ ይፈረድበታል። ሟች በክብር ይቀበራል፣ ቤተሰቡ ጡረታ ያገኛል። ይህም ጉዳይ በወረቀት ላይ ያለቀው እንዲሁ ነው። መዝገቡን ላገላበጠ ሰው ምንም አልጎደለውም። የጎደለው ያለው ከመዝገቡ ውጪ ነው።

እኔ ጠበቃ ነኝ። ወደ ጉዳዩ የገባሁት በሚስቱ በኩል ነው፤ የጋብቻና የወራሽነት ማስረጃ የሚያወጣላት ሰው ፈልጋ መጣች። የወንጀል መዝገቡን ያየሁት፣ ሚሊሻዎቹንና ወንድሙን ያነጋገርኩት ከዚያ በኋላ ነው። የሰዎቹን ስም፣ ወረዳውንና ቀበሌውን ትቻለሁ። አገሩ ጠባብ ነው፤ ደም ደግሞ ቶሎ አይደርቅም።

ሰውየው

የተወለደው በጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ገብስና ድንች በሚበቅልበት ደጋ ነው። አባቱ የሞቱት እሱ ተማሪ ሳለ ነው። አሥረኛ ክፍል ሲፈተን ነጥቡ ለመሰናዶ አልበቃውም። ቀሪው መንገድ እርሻ ነበር፤ እርሻ ግን መሬት ይፈልጋል። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ ገና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። የደረሱት ወሰዱ፣ ያልደረሰው ቀረ። የአባቱን ማሳ የያዘው ታላቅ ወንድሙ ነው። ለሁለት ቢካፈሉት ለማንም አይሆንም።

ስለዚህ ፖሊስ ሆነ። በዚያ ዕድሜና በዚያ አገር ይህ ብርቅ አይደለም። ወደ ፖሊስ ቤት ከሚገባው የገጠር ልጅ ብዙው ስለ ሕግ ማስከበር አስቦ አይደለም፤ ደመወዝ ያለው ሥራ ፈልጎ ነው። እሱም ይህን አይደብቅም ነበር ይላሉ ባልደረቦቹ። በ1998 ዓ.ም. ሠልጥኖ ኮንስታብል ሆነ። ሲሞት ምክትል ሳጅን ነበር፤ የአገልግሎት ዘመኑ አሥር ዓመት አልሞላም። ይህ ቁጥር ኋላ ላይ ለጡረታው ያስፈልገናል።

የመጨረሻ ምድቡ የአንድ ገጠር ቀበሌ የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስነት ነው። የቀበሌ ፖሊስ ሥራ ከሌባ ማሳደድ ይልቅ ሽምግልና ይመስላል። ላም ማሳ ገባች፣ ባል ሚስቱን መታ፣ በጠላ ቤት ዱላ ተነሣ፣ የውኃ ተራ ተዘለለ። ለሁሉም የሚጠራው እሱ ነው። ጥሩ ጆሮ ነበረው ይላሉ። ሰው ሲያወራ አያቋርጥም። ትልልቆቹን አያ ወይም እትዬ እያለ፣ በአንቱታ ነው የሚያናግራቸው። ክላሹን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ እንደ ቤተ ዘመድ ልጅ ለቅሶ ይደርሳል፣ ሠርግ ይጠራል።

አንድ መዝገብ ነበረው። ጠንካራ ልባስ ያለው ሰማያዊ ደብተር፤ እስክሪብቶው በሲባጎ ታስሮ ከጀርባው ላይ ይንጠለጠላል። መርማሪዎቹ በማስረጃነት ስለያዙት ከመዝገቡ ጋር አይቼዋለሁ። ጽሑፉ ደቀቅ ያለ፣ ቀጥ ያለ ነው። የከሳሽ ስም፣ የተከሳሽ ስም፣ የጠቡ ምክንያት፣ በመጨረሻ «የተወሰደ እርምጃ» የሚል ዓምድ። በዚህ ዓምድ ውስጥ ደጋግሞ የሚታየው አንድ ቃል ነው፦ «ተመክረዋል»።

ጠቡ

ሞቱን ያመጣው ጠብ እዚያው ደብተር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጽፏል። ሦስቱም ጊዜ «ተመክረዋል» ይላል።

ተጠርጣሪው የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነው። አባቱ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነበሩ። በ1989ኙ ሽግሽግ እንዲህ ያሉ ሰዎች «ቢሮክራሲ» ተብለው ከአራት ጥማድ (አንድ ሄክታር ያህል) በላይ እንዳይዙ ተደረገ፤ የተረፈው መሬት ለሌላው ተሰጠ። የሳቸውም ማሳ ተቆርሶ ለጎረቤት ደረሰ። ልጅየው ይህን አልረሳም። ብዙዎቹም አልረሱም፤ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ቡና ላይ ይህ ወሬ ከተነሣ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ሌላ ወሬ አይነሣም።

ሁለቱ ጎረቤቶች በኋላ የይዞታ ደብተር ወስደዋል። ደብተሩ የማሳውን ስፋትና አዋሳኞቹን ይናገራል፤ መሬት ላይ ያለውን ድንጋይ ግን አይጠብቅም። ተጠርጣሪው በወሰኑ ላይ ባሕር ዛፍ ተከለ። ዛፉ አድጎ የጎረቤቱን ጤፍ ጥላ አጠላበት፣ ውኃውን መጠጠ። ጎረቤቱ ሁለት ግንድ ቆረጠ። ጠቡ ከዚህ ተነሣ።

ፖሊሱ ምክር ብቻ አላበዛም። በሦስተኛው ጊዜ ወሰኑ በባለሙያ እንዲለካ በቀበሌው በኩል ለወረዳው እንዲጻፍ አድርጓል። የደብዳቤው ቅጂ ደብተሩ ውስጥ ታጥፎ ተገኝቷል። ለካዮቹ ሳይመጡ አጨዳ ደረሰ። በኅዳር ወር ጎረቤቱ ጤፉን ሲያጭድ ወሰን አልፈሃል፣ አላለፍኩም ተባባሉ። ተጠርጣሪው ተኮሰ። ጎረቤቱ እዚያው ወደቀ። ገዳዩ ወደ ዓባይ በረሃ ወረደ።

እዚህ ላይ የራሴን ልበል። በኋላ ሁሉም ስለ ጥይቱ ነው ያወራው። እኔ ግን ከጥይቱ ይልቅ ያ ደብዳቤ ይከነክነኛል። አንድ ሜትሮና ሁለት ባለሙያ ቢመጡ ሁለት ሰው አይሞትም ነበር ማለቴ አይደለም፤ እሱን ማን ያውቃል። ሆኖም ያ ሽግሽግ አንዱን መሬት አሳጥቶ ፖሊስ አደረገው፣ ሌላውን መሬት ቀምቶ ቂም አስቋጠረው። ሁለቱን ያገናኛቸውም ያው ያልተለካ ወሰን ነው።

ያ ሌሊት

ነፍስ አጥፍቶ በረሃ የወረደ ሰው ለዘላለም አይቀርም። እህሉ አውድማ ላይ ነው፤ ሚስቱና ልጆቹ ብቻቸውን ናቸው። በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ገና ሲቃረብ፣ ሰውየው ሌሊት ሌሊት ቤቱ እንደሚያድር ጥቆማ መጣ። የመያዣ ትእዛዝ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ምክትል ሳጅኑ ሁለት ሚሊሻዎች ይዞ ሄደ። ከወረዳው ተጨማሪ ኃይል ይጠበቅ ነበር፤ መኪና የለም ተባለ። ነገ ዛሬ ቢባል ሰውየው ተመልሶ በረሃ ይወርዳል።

ዕቅዱ መጥፎ አልነበረም። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ፍርድ ቤት በተለይ ካልፈቀደ በቀር ቤት የሚፈተሸው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው ይላል። እሱም ይህን ያውቃል። በጨለማ ደርሶ ቤቱን ከብቦ ሊጠብቅ፣ ሲነጋ ሊጠራው ነበር ያሰበው። ሚሊሻዎቹን በጓሮ በኩል፣ ባሕር ዛፉ ሥር አስቀመጣቸው። ራሱ በበሩ በኩል ካለ የድንጋይ ካብ ጀርባ ሆነ።

ውሻው አበላሸው። ጮኸ፣ አላቆመም። ቤት ውስጥ መብራት ታይቶ ጠፋ። ከእንግዲህ መጠበቅ አይቻልም። እሱም ከካቡ ወጥቶ ወደ በሩ ቀረበና ተጣራ። ሚሊሻዎቹ በፍርድ ቤት የመሰከሩት፣ ሁለት ጎረቤቶችም ሰማን ያሉት አንድ ዓይነት ነው፤ ሰውየውን አያ ብሎ በስሙ ጠርቶ፣ ፖሊሱ እኔ ነኝ፣ እጅዎን ይስጡ፣ ምንም አይነካዎትም አለው። በአንቱታ።

መልሱ ጥይት ነው። የተተኮሰው በበሩ አይደለም፣ በግድግዳው ነው። እንጨትና ጭቃ የክላሽ ጥይት አያቆምም። አንዱ ጥይት ከዳሌው ከፍ ብሎ ሆዱን በሳው። ሚሊሻዎቹ አጸፋ ተኮሱ። ገዳዩ በጨለማው ሾልኮ አመለጠ። ከሳምንታት በኋላ በሽማግሌዎች በኩል እጁን ሰጠ።

ጤና ኬላው ሌሊት ዝግ ነው። መኪና የሚገባው መንገድ ሩቅ ነው። በነጠላ ጠቅልለው፣ ቃሬዛ ላይ አድርገው፣ መንደርተኛው እየተቀባበለ ተሸከመው። ጤና ጣቢያ ሳይደርሱ ሞተ። ሆድ ውስጥ የሚደማ ሰው የሚድነው ቶሎ ቀዶ ሕክምና ሲያገኝ ብቻ ነው፤ በነጠላ አይታሰርም። ያም ሆኖ ያን ሌሊት ይዞት የነበረውን ዕቃ ዝርዝር ከመዝገቡ ሳነብ ቆም አልኩ። አንድ ክላሽ፣ ሁለት ካዝና፣ አንድ ካቴና፣ አንድ ደብተር፣ አንድ የእጅ ባትሪ። ፋሻ የለም። ሰው ለመያዝ የሚያስፈልገው ሁሉ አለ፣ ሰው ለማትረፍ የሚያስፈልግ አንድም ነገር የለም።

ቀብሩ

የተቀበረው በተወለደበት ደብር ነው። ጓዶቹ ተሰልፈው መጡ፣ ወደ ሰማይ ተኮሱ። ካፖርቱና መለዮው በለቅሶው ሜዳ ላይ ተዘረጋ። እናቱ ሙሾ አወረዱ። ታላቅ ወንድሙ የአባቱን ምንሽር ይዞ ፎከረ። በእኛ አገር ወንድም በለቅሶ ላይ ጠመንጃ ይዞ ከፎከረ ለማልቀስ ብቻ አይደለም። ሽማግሌዎች እያዩት ነው። የገዳይ ዘመዶችም፣ እዚያ ባይኖሩም፣ እየሰሙት ነው። በዚያው ሳምንት ከነዚያ ዘመዶች ብዙዎቹ አዝመራቸውን ጥለው ከቀዬአቸው ወጡ።

የፖሊስ አዛዡ ነገሩ ገብቶታል። ወንድምየውን ለብቻው ወስዶ ደሙ የመንግሥት ነው፣ አንተ እጅህን እንዳታነሣ አለው። ጥሩ ንግግር ነው። ምናልባት የሁለት ሦስት ሰው ነፍስ አትርፏል። ወንድምየውም ቃሉን ያዘ።

ፍርዱ

ጉዳዩ የታየው ደብረ ማርቆስ በሚያስችለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ክሱ ሁለት ነው፤ አንዱ ለጎረቤቱ፣ አንዱ ለፖሊሱ።

ለፖሊሱ ሞት የቀረበው መከላከያ ቀላል አልነበረም። ተከሳሹ ፖሊስ መሆኑን አላወቅሁም አለ። ነፍስ አጥፍቻለሁ፣ ደመኛ አለኝ፣ በሌሊት ቤቴን የከበቡኝ የሟች ወንድሞች መስለውኛል አለ። ይህ ጎጃም ላለ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ደም ያለበት ሰው የውሻ ጩኸት ከሰማ የሚያስበው ይህንኑ ነው። ሕጉም ለፍሬ ነገር ስህተት ቦታ አለው፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 80 ስለዚህ ነው የሚያወራው።

መከላከያውን የጣለው ያ ጥሪ ነው። ሟቹ ዝም ብሎ ቢሆን፣ በሩን ቢሰብር፣ ወይም ከካቡ ጀርባ ቢተኩስ፣ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ስሙን ጠርቶ፣ ማን እንደሆነ ተናግሮ ነው የሞተው። ድምፁን ደግሞ ያ መንደር ሁሉ ያውቀዋል። ለመጣራት ብሎ ከካቡ መውጣቱ ራሱን አስገደለው፤ መጣራቱ ደግሞ ገዳዩን አስፈረደበት።

ዐቃቤ ሕግ በአንቀጽ 539 ከባድ ግድያ ይባልልኝ ብሎ ነበር፤ ያ አንቀጽ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ያስቀጣል። ፍርድ ቤቱ አንቀጽ 540ን መረጠ፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት የሚያስቀጣ ተራ ግድያ ነው። ሆኖም ሟቹ በሥራ ላይ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ መሆኑን በአንቀጽ 84 መሠረት ማክበጃ አደረገው። ሁለቱ ግድያዎች ተደምረው ቅጣቱ ከ20 ዓመት በላይ ሆነ። እኔ ፍርዱን አልነቅፍም። አስቦና አድብቶ የገደለ ሰው አይደለም፤ ፈርቶና እልህ ይዞት የገደለ ነው።

ደሙ

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። የገዳዩ ወገን ሁለት ደም አለበት። የጎረቤትየው ደም ባለቤቱ ይታወቃል፤ ወንድሞቹ ናቸው። ካህናትና ሽማግሌዎች መስቀል ይዘው፣ የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ፣ እንደ ወጉ ተለምነው ታረቁ። የፖሊሱስ?

ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ ነው። አትሳቁ። ደሙ የመንግሥት ነው ተብሎ በለቅሶ ሜዳ ላይ ተነግሯል፤ ስለዚህ ባለደሙን ሊለምኑ ሄዱ። አዛዡ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው፣ እኛ ደም አንቀበልም አላቸው። እሱም እውነቱን ነው። ታዲያ ወደ ወንድምየው ተመለሱ። ወንድምየው ተቆጣ። ጠመንጃዬን ስጨብጥ የመንግሥት ነው አላችሁኝ፣ እርቅ ሲመጣ የኔ ሆነ ወይ አለ። መልስ የሰጠው የለም።

ሽማግሌዎቹ የቸኮሉበት ምክንያት አላቸው። እርቅ ክሱን አያቆመውም፤ ነገር ግን ከፍርድ በፊት ከተደረገ ጠበቃው ለቅጣት ማቅለያ ያቀርበዋል። ወንድምየው ይህን ሰምቶ እስኪፈረድ ድረስ እምቢ አለ። ከፍርዱ በኋላ ታረቀ። ካሣው በሬና ገንዘብ ነበር። ከፊሉ ለተዝካሩ ዋለ፣ ከፊሉ ከወንድምየው ዘንድ ቀረ። ለሚስቱ ጥቂት ጤፍ ተላከ።

እሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም። አንዱን ሽማግሌ፣ የማከብራቸውን ሰው፣ ለምን ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ደም የወገን ነው፣ ሚስት ባዳ ናት አሉኝ። በክፋት አይደለም። ደንቡን ነው የነገሩኝ። ደንቡ ልክ ነው ብዬ ግን አላምንም። ከዚያ ሞት ማግሥት ጀምሮ ሁለት ሕፃናት የምታበላው እሷ እንጂ ወገኑ አይደለም።

በፍትሐ ብሔር መክሰስስ? አስበንበት ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለውን ካሣ ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል። ያን ጊዜ ያ ገንዘብ ብዙ ነበር፤ ዛሬ አንድ ደህና በግ አይገዛም። የሚረዳቸውን ሰው ላጡ ሚስትና ልጆች ከዚህ የተለየ የመተዳደሪያ ካሣ መጠየቅ ይቻላል። ገዳዩ ግን ያለው አራት ጥማድ መሬት ነው፣ መሬትም አይሸጥም። አስፈርዶ ማስፈጸም አይቻልም። ተውነው።

ጡረታው

የቀራት ጡረታው ብቻ ነው። እሱም ወዲያው አልመጣም።

ተክሊል አልነበራቸውም። በሽማግሌ፣ በድግስ፣ በሠላሳ ሰው ፊት ነው የተጋቡት። ጋብቻው በሕግ ይጸናል፤ ወረቀት ግን የለውም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ እነሱ ያኔ ሁለት ልጅ ወልደዋል፣ እሱም ሞቷል። ስለዚህ ሚስትነቷን በምስክር ማስረዳት ነበረባት። ጓዶቹ መጥተው መሰከሩ። የዳራት አጎቷ መሰከረ። የወንድ ወገን ምስክር ስንፈልግ ነው ችግር የመጣው፤ በካሣው ነገር ተቀያይመዋል። በመጨረሻ የመጡት እናቱ ናቸው። በእግር፣ በበቅሎ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ዳኛው ይህች ማን ናት ሲሏቸው ልጄ ናት አሉ። ዳኛው ዝምድናውን በትክክል እንዲናገሩ ሁለት ጊዜ ጠየቁ።

ስሌቱ እንዲህ ነበር። ያኔ ይሠራ በነበረው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ፣ በ714/2003፣ መሠረት በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት የሞተ ሰው ተተኪዎች አበል የሚታሰበው ከደመወዙ 47 በመቶ ተነሥቶ ነበር። አሥር ዓመት ስላልሞላው በአገልግሎት ዘመን የሚታሰበው ከዚህ አይሻልም። ከዚያ ሚስት 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ፣ በሟቹ ይረዳ የነበረ ወላጅ 15 በመቶ ይደርሰው ነበር። በቀላሉ፣ ደመወዙ 100 ብር ቢሆን 47 ብር ይቀራል፤ የሚስት ድርሻ 23 ብር ከ50፣ የእያንዳንዱ ልጅ 9 ብር ከ40 ሳንቲም ነው።

ሚስት፣ ሁለት ልጆችና እናት ሲደመሩ 105 በመቶ ይሆናል። ከመቶ ስለማያልፍ የሁሉም ድርሻ ይሸራረፋል። ይህን ነገርኳት። እናቱ ካልገቡ የእሷና የልጆቹ አይነካም፤ ድርሻ የሚያገኙት ራሳቸው ሲያመለክቱ ነው፣ እሳቸው ደግሞ መብቱን አያውቁም። ምንም አላንገራገረችም። አስገባቸው አለችኝ። የማመልከቻውን ፎርም የሞላሁት እሷ የከፈለችው ፎቶ ኮፒ ላይ ነው።

ገንዘቡ መምጣት ከጀመረ ወዲህ ትንሽ ሻይ ቤት ከፈተች። የተጠራቀመው ውዝፍ ለዚያ በቃ። ገዳዩ አሁንም ማረሚያ ቤት ነው። ባሕር ዛፉ ተቆርጧል፤ ወሰኑ ከሁለት ሰው ሞት በኋላ ተለክቷል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ልትጠይቀኝ መጣች። የሚፈልጋት ሰው አለ። ደህና ሰው ነው፣ አስተማሪ ነው። ገና ወጣት ሳለች ብታገባ የእሷ ድርሻ እንደሚቋረጥ ነገርኳት። የልጆቹ ግን አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላቸው ይቀጥላል። ስንት እንደሚሆን አሰላልኝ አለች፤ ወረቀት ላይ አሰላሁላት። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

በሚያዝያ አገባች። እናቱ ሠርጉ ላይ ነበሩ። ወንድምየው አልመጣም።